የአባቴ ካንሰር አከርካሪው ላይ ደርሷል፤ ኦፕራሲዮን ይሻላል ወይስ ጨረር?

የመጨረሻ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴ የኩላሊት ካንሰር ወደ አከርካሪው ተሰራጭቷል። ኤምአርአዩ 11ኛው የደረት አከርካሪ ተበልቶ በትንሹ ተደርምሷል ይላል። ህብለ ሰረሰሩ ጋ ተጠግቷል፤ ገና አልተጫነውም ተብሏል። እግሩ ደህና ነው፣ ይራመዳል። መከራችን ሕመሙ ነው። ተኝቶ ካልተንቀሳቀሰ ምንም አይል። ከአልጋ ሲነሳ ግን ይጮኻል። አባቴ ደግሞ የሚጮኽ ሰው አልነበረም።

የካንሰር ሐኪሙ ጨረር ይበቃዋል ይላል። የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሙ መጀመሪያ በብረት ይደገፍ፣ ጨረሩ ይደርሳል ይላል። ወንድሞቼ ለሁለት ተከፍለዋል። አባቴ "እናንተ ያላችሁት ይሁን" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሴት ልጁ እኔ ብቻ ነኝ፣ ሁሉም እኔን ያያል። የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ።

ታዛቢ፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ግን ቢላ አታስነኪው። ካንሰር ከተነካ ይሮጣል ሲባል ሰምቻለሁ።

ጨረር ክፍል፦
እኔ ሐኪም አይደለሁም። የጨረር ማሽን ላይ በሽተኛ አስተካክለን ከምናስተኛው ባለሙያዎች አንዱ ነኝ። ስለዚህ የምለውን ይዘሽ ሐኪሞቹን ጠይቂበት።

ታዛቢ፣ አትቀየመኝ። ይሄ ካንሰር በደም ተጉዞ አከርካሪ ላይ የደረሰው ማንም ቢላ ሳያነሳ ነው። ሰው ይህችን ወሬ ፈርቶ ይቆይና እግሩ ሲከዳው በወንበር እየተገፋ ይመጣል። ከማሽን ብልሽት ይልቅ ይህች ወሬ ናት የምታናድደኝ።

ወደ አባትሽ ልምጣ። ተኝተው ደህና ሆነው ሲነሱ የሚጮኹ ከሆነ፣ አጥንቱ ክብደታቸውን መሸከም እያቃተው ሊሆን ይችላል። ጨረር የካንሰሩን ሴል ይገድላል እንጂ የተደረመሰ አጥንት አያቆምም። አጥንቱ ከጨረር በኋላ ቢጠነክር እንኳ ወራት ይፈልጋል። ማታ ተኝተው የሚብስ ሕመም ቢሆን ሌላ ነገር ነበር፤ እሱ ብዙ ጊዜ ከዕጢው ከራሱ የሚመጣ ስለሆነ ጨረር ያስታግሰዋል። ሐኪሞች ይህን የሚለኩበት ሲንስ የሚባል ነጥብ አለ፤ ከ0 እስከ 18 ነው። እስከ 6 አጥንቱ ጽኑ ነው። ከ13 ጀምሮ መደገፍ አለበት ይባላል። የአባትሽ ስንት እንደሆነ ጠይቂ።

ሁለተኛው ነገር የካንሰሩ ዓይነት ነው። ሊምፎማና ማየሎማ የሚባሉት የደም ካንሰሮች በተለመደው ጨረር ቶሎ ይሟሟሉ። የጡትና የፕሮስቴትም ደህና ይመልሳሉ። የኩላሊት ግን ግትር ነው። ለእንደሱ ዓይነቱ ስቴሪዮታክቲክ የሚባል፣ ዒላማውን ጠብቦ ከባድ መጠን በጥቂት ቀን የሚሰጥ ጨረር አለ። እሱ ደግሞ በዕጢውና በህብለ ሰረሰሩ መካከል ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ይፈልጋል። ክፍተቱ ከጠፋ ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ከህብለ ሰረሰሩ ያላቅቅና ቀሪውን ለእኛ ይተዋል። ሁሉንም ካላወጣሁ አይልም። ስለዚህ ሐኪሞቻችሁ የተጣሉ አይምሰልሽ፤ ልዩነታቸው የቱ ይቅደም የሚለው ላይ ሊሆን ይችላል።

መቅደሙ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ጨረር የነካው ቆዳ ቶሎ ሲቀደድ ቁስሉ አልድን ይላል። ኦፕራሲዮን የሚታሰብ ከሆነ ከመጀመሪያው ጨረር በፊት ይወሰን። "እስቲ ጨረሩን እንሞክረውና እናያለን" የሚባለው ለእንዲህ ያለው አይሆንም። የኩላሊት ዕጢ ብዙ ስለሚደማም፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የደም ሥሮቹን በቀጭን ቱቦ ገብተው ይደፍኑለት እንደሆነ ጠይቂ።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት አለ፤ ወንድሞችሽ ኢንተርኔት ላይ ማግኘታቸው አይቀርም። ህብለ ሰረሰራቸው የተጫነባቸው 101 ሰዎች ነበሩ። ኦፕራሲዮንና ጨረር ካገኙት 84 በመቶው ከሕክምናው በኋላ መራመድ ቻሉ፤ ጨረር ብቻ ካገኙት 57 በመቶው። ቁጥሩ ያጓጓል፣ ግን የአባትሽ ህብለ ሰረሰር ገና ስላልተጫነ እንዳለ ለእሳቸው አይሠራም።

አሁን ከእኛ ክፍል የማየውን ልንገርሽ። የእኛ አልጋ አልጋ አይባልም፤ ድርቅ ያለ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። አንድ አባት የጃኬታቸውን ኮሌታ ነክሰው ሲወጡበት አይቻለሁ። ጨረሩ ሲሰጥ አይሰማም። የሚያመው መውጣቱ፣ ቀጥ ብሎ መቆየቱና መውረዱ ነው። ስቴሪዮታክቲክ ሲሆን ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ፍንክች ማለት የለም። ሞርፊን የሚወስዱ ከሆነ ፈጣኑን ዓይነት ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ወይ አንድ ሰዓት በፊት እንዲሰጣቸው ሐኪሙን አስፈቅጂ።

የእህት ጠባቂ፦
የእኔ ታላቅ እህት የጡት ካንሰሯ ወገቧ ላይ ነበር። ሰውነቷ ደክሞ ስለነበር ኦፕራሲዮን አላሰቡላትም። 8 ግሬይ የሚሉትን የጨረር መጠን አንድ ጊዜ ብቻ ሰጧት። አንድ ቀን ብቻ ምን ይሠራል ብዬ ተጨቃጭቄ ነበር። ለሕመም ከሆነ አንዱም አሥሩም እኩል ነው፤ ልዩነቱ አንዴ የወሰደ ሰው በኋላ መድገም የሚያስፈልገው መብዛቱ ነው አሉኝ። በማግስቱ ሕመሙ ባሰባት። ጉድ ሆንን ብለን ነበር፣ ለካ ያጋጥማል። ቀስ ብሎ በሳምንታት ውስጥ ለቀቃት። ጎኗን አዙራ መተኛት ስትጀምር ነው ያመንኩት።

የመጨረሻ ልጅ፦
ተባረኩ። ነጥቡን ጠየቅኩ፤ 11 ነው አሉ። ሐኪሞቹ ነገ አንድ ላይ ተቀምጠው ሊያዩት ነው። ቀዶ ሐኪሙ በትንንሽ ቀዳዳ ብሎን ማስገባት ይቻላል አለ፣ ሲሚንቶም አነሳ። እስከዚያ እንዴት እናንሳው? ዛሬ ጠዋት ወንድሜ በብብቱ ይዞ ሲያነሳው አስለቀሰው።

ጨረር ክፍል፦
ያልተስማሙት ለዚህ ነዋ! ከ7 እስከ 12 ያለው መሃል ሜዳ ነው፤ እዚያ ላይ የሕመሙ ዓይነትና የሰውየው አቅም ይወስናል። 11ኛው አከርካሪ ደግሞ ደረትና ወገብ የሚገናኙበት ጋ ስለሆነ ጫና ይበዛበታል። እኔ ብሆን በትንንሽ ቀዳዳ የሚገባውን ብሎን በደንብ እጠይቅበት ነበር። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ጨረሩ ብዙ አይጠብቅም። ሲሚንቶው በመርፌ ተደርምሶ ያለው አጥንት ውስጥ የሚሞላ ነው። የአጥንቱ የኋላ ግድግዳ ከተሰበረ ግን ወደ ህብለ ሰረሰሩ ሊፈስ ይችላል፤ ግድግዳው ደህና ነው ወይ በዪ።

በብብት መሳብ ይቅር። ጉልበታቸውን አጥፈው ትከሻና ዳሌያቸው እኩል እንዲዞር በጎን አንከባልሏቸው። ከዚያ እግራቸው ከአልጋው ሲወርድ እሳቸው በክንዳቸው እየገፉ ይነሱ። ወገባቸው አይጠምዘዝ። ይህን ከፊዚዮቴራፒስት ጋር አንዴ ብትለማመዱት ጥሩ ነው።

የነገውን ስብሰባ የማይጠብቅ ነገርም አለ። እግራቸው ከዛለ፣ ከከበዳቸው፣ መቀመጫቸው አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጣቸው ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ዴክሳሜታዞን የሚባለው እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ይጀመርላቸውና ኤምአርአዩ ይደገም። እግር ጨርሶ ከሰነፈ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው፣ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ሽንታቸውን ደግሞ ጠዋትና ማታ ጠይቁ፤ አባት ለልጁ እንዲህ ያለውን ነገር ራሱ አይናገርም።