ከባሕር ዳር፦ ስለ ሥራ፣ ስለ ልብስ አጠባና ስለ ጆሮ

ሰላም ለሁላችሁ፤ እንደምን ከረማችሁ።

«ወደ ሀገር ጠቅልዬ ልግባ ወይ?» ብሎ ከውጭ የጻፈው ወንድማችን ስለ ቤት ኪራይና ስለ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) በቂ መልስ ያገኘ ይመስለኛል። በካርዱ ላይ የምጨምረው ብዙ የለኝም። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ያለ ቪዛ ያስገባሃል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራሃል፤ መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መቀጠር ግን የለም። እኔን የያዘችኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሃት ጥያቄ ናት፦ «ግን ቀኑ እንዴት ነው የሚውለው?»

ቀኑ በሰው ነው የሚውለው። አሜሪካ፣ ዴንቨር ሳለሁ አየር ማረፊያ ውስጥ የሻንጣ ማመላለሻ እጠግን ነበር፣ የሌሊት ፈረቃ። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እገባለሁ፣ እንደሰካሁ እወጣለሁ። ከአለቃዬ ጋር የምንነጋገረው በስልክ መልእክት ነው። ቤት ስደርስ ልብሴን ማሽን ውስጥ ወርውሬ፣ ሩዝ ጥጄ፣ ሙዚቃዬን እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ብዙዎቻችሁ «ብቸኝነቱ ገደለን» ትላላችሁ፤ እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብቸኝነቱን እወደው ነበር። እዚህ የሚያጡት መጀመሪያ እሱን ነው። መብራትና ውኃ ሁለተኛ ናቸው።

አሁን የምሠራው የውኃ ፓምፕና የጄኔሬተር ጥገና ነው። ሆቴሎችና ሱቆች መብራት ሲጠፋ ይደውላሉ፤ እነሱ ስለሚቸኩሉ ወሬ የለም፣ ሠርቼ እወጣለሁ። የምወዳቸው ደንበኞቼ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ከደራና ከፎገራ የሚመጡት ገበሬዎች ናቸው። የፎገራ ሜዳ በክረምት ሩዝ ነው፤ ውኃው ሲሸሽ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በመስኖ ይተካል። ያኔ ፓምፕ ያለው ቀን ከሌት ያስነሣዋል፣ የሌለው ይከራያል። የተበላሸው ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ባጃጅ ላይ ተጭኖ ወደ እኔ ይመጣል።

ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት ሰላምታ አለ። ቤተሰቡ ደኅና? ልጆቹ ደኅና? ከብቱስ? ዝናቡስ እንዴት ያለ ነው? እኔ ከብት የለኝም፣ ልጆቼም ሩቅ ናቸው፤ ለሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። እጄ ወደ መፍቻው ሲሄድ ያዩ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ሞተር አይሸሽም፤ ተቀመጥ» ብለውኛል። ሰላምታው ካለቀ በኋላ የሚነግሩህ ነገር ግን የተማረ መካኒክ ያስቀናል። «ጠዋት ሲነሣ ያስላል፣ ከሞቀ በኋላ ድምፁ ይጠራል» ይሉሃል። ወይም «ውኃ አይደለም የሚስበው፣ ነፋስ ነው፤ ባዶውን ይጮኻል»። ይህ ማለት የመሳቢያው ቱቦ የሆነ ቦታ ተቀዷል ወይም ማሰሪያው ላልቷል፣ አየር ይገባል ማለት ነው። ግማሹን ብልሽት ገና ሳልፈታው በነሱ ጆሮ አውቀዋለሁ። ዴንቨር ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራልኝ ኮምፒውተር ነበር፣ እሱም ብዙ ጊዜ ይሳሳት ነበር።

ክፍያው በቴሌብር ይገባል፤ አንዳንዴ ከላዩ ላይ ግማሽ ማዳበሪያ ሽንኩርት ይመረቃል። ለአንድ ወንደላጤ ግማሽ ማዳበሪያ ሽንኩርት ምን ያደርጋል? ለግቢው ይከፋፈላል። ስለዚህ ግቢው ሥራዬን፣ ደንበኞቼን፣ የሳምንቱን ገቢዬን ጭምር ያውቃል።

የቢሮ ጉዳይ የሚያደክመው ላይ ብዙ አልቆይም። «ሲስተም የለም» ካሉህ የለም፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ካሉህ ቡና ጠጥተህ ተመለስ። የሰፈር ዕድር ግን ሳትውል ሳታድር ግባ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ የዕድሩ ነው፤ ሐዘን የደረሰበት ሰው ደጅ ሳትደርስ ብትቀር ማንም አይሰድብህም፣ ግን ሁሉም ያስተውላል። ለቅሶ ሲኖር ሱቁ ይዘጋል። ደንበኛም «የት ነበርክ?» ብሎ አይቆጣም፤ እሱም እዚያው ተቀምጦ ታገኘዋለህ።

አሁን ወደ ልብሱ። የምኖረው አባይ ማዶ ነው፣ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ። ውኃው በፈረቃ ይመጣል፤ በመጣ ቀን ሮቶው ይሞላል፣ ሳፋ ያለው ሁሉ ይወጣል። ቅዳሜ እሠራለሁ፣ እረፍቴ እሑድ ነው። እሑድ ደግሞ ልብስ አይታጠብም! በሚካኤልም፣ በማርያምም፣ በጊዮርጊስም አይታጠብም። ማሽን ቢኖረኝ በሬን ዘግቼ ባጠብኩ፤ ሳፋ ግን ግቢ መሀል ነው የሚቀመጠው፣ ገመዱም ሁሉም ዓይን ሥር ነው። ስለዚህ ሰኞ ማታ፣ ኦሞዬን ይዤ እወጣለሁ።

መጀመሪያ የወጣሁ ጊዜ ግቢው ተንጫጫ። «ኧረ በማርያም! እኛ እያለን?» ብለው ሳፋውን ከእጄ ሊነጥቁ ሦስት ሴቶች ተነሡ። አንዷ ቀኑን ሙሉ ጉልት ውላ የገባች ናት። ወንድሟ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን እየነካካ ያየናል። «አይሆንም፣ ልምዴ ነው» ብዬ አጠብኩ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ «ምስኪን፣ ሚስት የለችው» ሲል ዋለ። ዴንቨርና ጎረቤቷ አውሮራ ውስጥ ሊጥ የሚያቦካ፣ ወጥ የሚሠራ፣ የልጅ ሽንት ጨርቅ የሚቀይር ስንት ሐበሻ ወንድ አውቃለሁ! እዚህ ቦሌ ላይ ሲያርፍ ግን ሁሉም ነገር ከእጁ ይረግፋል፣ «ባህላችን» ይላል። ይህን አልወደውም፤ ጠቅልለህ ብትገባ አንተም እንዳትለምደው።

እንጀራ መጋገሩን ግን ለባለሙያዎቹ ትቻለሁ። የዴንቨር ከፍታ ወደ 1,600 ሜትር ነው፣ የጣና ወደ 1,800፤ በከፍታው ብዙም አንራራቅም። ዴንቨር ግን አየሩ ደረቅ ነው፣ እንጀራው ሳይውል ጠርዙ ይሰነጠቃል። እዚህ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ሊጡ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ የአዲስ አበባውን ቀን ቆጥረህ ብትጠብቅ አለቀልህ። ትልቁ ጣጣ ምጣዱ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከተሰኩ የግቢው መብራት ድርግም ይላል። ስለዚህ ተራ አለ፤ ተራ አስከባሪዋ ደግሞ የአከራያችን እናት ናቸው። እኔ ባለሙያ ተብዬ ሌላ መስመር ብንዘረጋ ምን ያህል እንደሚያወጣ አስልቼ ነገርኳቸው። «ታዲያ ተራ ሲቀር በምን እንገናኝ?» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ።

ስለ ሙዚቃ ብዙ የምለው አለኝ።

ዴንቨር የማዳምጠውን የምመርጠው እኔ ነበርኩ። ምርጫዬ ደግሞ፣ እናንተም ስልካችሁን ክፈቱና እዩት፣ ከሀገር የወጣሁበት ዓመት ላይ የቆመ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ዘፋኝ ሁሉ «ጩኸት» እል ነበር። እዚህ መራጭ አይደለሁም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይጀምራል፤ ፍልሰታ ከሆነ ደግሞ ረጅም ነው። ጥቂት ቆይቶ ከወዲያ አዛን ይከተላል። ጠዋት ባጃጁ ውስጥ ሹፌሩ የፈለገውን ትሰማለህ፣ «ቀንስልኝ» ብትለው ይቀንስና መታጠፊያው ላይ መልሶ ይጨምረዋል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሁሉንም ይውጣቸዋል፤ ያኔ እኔ የምሰማው ሙዚቃ ሳይሆን የትኛው ጎረቤት ነገ እንደሚደውልልኝ ነው።

በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲጠፋ፣ ከአሜሪካ ይዤ የመጣሁት የኢንተርኔት ሙዚቃ ደንበኝነት ሁሉ ባዶ ሆነ። የሰፈሩ ልጆች ግን አልተቸገሩም። ፍላሽህን ይዘህ ሙዚቃ ቤት ትሄዳለህ፣ ልጁ «ምን ዓይነት ልሙላልህ?» ይልሃል። «የድሮ» አልኩት። ቀና ብሎ ዕድሜዬን አየና የድሮ ብቻ ሳይሆን የሠርግ፣ የጎጃም ጭፈራ፣ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸውን ወጣቶች ጨምሮ ሞላልኝ። ከነዚያ ወጣቶች መሀል አንዱ የባቲን ቅኝት ይጫወታል፤ እንደሱ አድርጎ የሚጫወት አልሰማሁም ነበር። «ጩኸት» ያልኩትን ቃል አንሥቻለሁ።

አዝማሪ ቤት የሄድኩት ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ነው። ብቻውን የሚሄድ የለም፣ ቢሄድም አይጥምም፤ ግጥም አቀባይ ያስፈልጋል። አዝማሪው በአንዲት የጭራ ክር ቤቱን ያዞረዋል፣ አንዱ ከጥግ «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይወረውርለታል፣ እሱ ደግሞ በዜማ አሳምሮ ለባለቤቱ ያደርሳል። የኔው ረዳት፣ መፍቻ ያስጨበጥኩት ልጅ፣ ተነሥቶ አዝማሪው ጆሮ ላይ ተንሾካሾከ። ከዚያ ማሲንቆው ወደኔ ዞረ፦

ባሕር ማዶ ኖሮ አባይ ማዶ ገባ፣
ማሽኑን ረስቶ ከሳፋ ተግባባ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ግንባሩ ላይ ብር ለጠፍኩ፣ ምን አማራጭ አለኝ? የግቢያችን ወሬ ከአባይ ማዶ ድልድይ ተሻግሮ ጠጅ ቤት መድረሱ ነው የገረመኝ። ሰኞ ሱቅ ስደርስ ደግሞ አንድ የማላውቀው ደንበኛ «አንተ ነህ ባለ ሳፋው?» አለኝ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ቀኑ እንደዚህ ነው የሚውለው። በር ዘግተህ ካላረፍክ የማትኖር ሰው ከሆንክ፣ ለብቻው አጥር ያለው ቤት ተከራይ፤ ውድ ነው፣ ግን አለ። አጎበር ግዛ፣ ዝናቡ ሲወጣ ወባው ይብሳል። ከከተማ የሚያስወጣው መንገድ ነገር በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ከመነሣትህ በፊት እኔን ሳይሆን በመንገዱ ላይ ያለ ዘመድህን ጠይቅ።

*

ከአውሮራ፦

ጋሼ፣ ግጥሟን ለእማዬ አነበብኩላት፣ እስክታነባ ሳቀች። እሷም በሚቀጥለው ዓመት ባሕር ዳር ልትገባ ነው፣ ሽምብጥ እህቷ ጋ። ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። ማጠቢያ ማሽኗን በመርከብ ልላከው ወይ? ደግሞ አባባ ትቶልን የሄደው የሸክላ ማጫወቻና ሁለት ካርቶን ሙሉ ሸክላ አለ። ማሽኑ ቢቀር ይቀራል፣ ሸክላውን ግን ካልያዝኩ አልሄድም ብላለች።

*

ከባሕር ዳር፦

እህቴ፣ እናትሽን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ።

ማጠቢያውን ተዪው። እዚያ ያለው ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ (በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ) ነው፣ እዚህ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ቮልቱን ትራንስፎርመር ያወርድልሻል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። ሞተሩ ወይ ይንቀረፈፋል ወይ ይግላል፣ በኋላ እኔው ጋ ይመጣል። እዚሁ ለዚህ መብራት የተሠራ ግዙላት፤ ከፍ ያለ ሮቶም ይኑራት፣ ቧንቧው ሲደክም ማሽኑ ውኃ አጥቶ መሀል ላይ ይቆማል።

ሸክላ ማጫወቻው እንደ ሞተሩ ዓይነት ነው። ኃይሉን በአዳፕተር የሚያገኝ አዲስ ዓይነት ከሆነና አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ ችግር የለውም። የድሮ ከሆነና ፍጥነቱን ከመብራቱ የሚወስድ ከሆነ ግን፣ በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር ያለበት ወደ 28 ይወርዳል። ያን ጊዜ ዜማው ይጎተታል፣ ቅኝቱ ዝቅ ይላል፣ ወጣቷ ድምፃዊት ጎርናና ሽማግሌ ትሆንባችኋለች። እናትሽ ደግሞ የባለቤቷን ሸክላ በቃሏ የምታውቅ ይመስለኛል፣ አትታገሥም።

መፍትሔ አለው። ሞተሩ አናት ላይ ያለችው ትንሽ ዘንግ ውፍረቷ በአንድ አምስተኛ ከጨመረ ፍጥነቱ ይመለሳል። ከኋላው የተጻፈውንና ከሥሩ ያለውን ሞተር ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ የዘንጓንም ውፍረት በትክክል ለኪልኝ። ቶርኖ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ፣ እሷ ከመድረሷ በፊት አስቀርጸዋለሁ። ሸክላዎቹ ተጋድመው ሳይሆን ቆመው ይታሸጉ፣ ከተቻለም ከእጅ ሻንጣ ጋር ይምጡ።