ለኢየሩሳሌም ጉዞ ቀለል ያለ የሐር ልብስ፤ የምታውቁ እርዱኝ

የሳሪሷ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለፋሲካ ከእናቴ ጋር ኢየሩሳሌም ልንሄድ ነው፣ ለአሥር ቀን። የምንይዘው የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፣ ለእያንዳንዳችን 7 ኪሎ። ማታ ታጥቦ ጠዋት የሚለበስ ነገር ስፈልግ ሐር ይሻልሻል አሉኝ። "ንጹሕ ሐር ነው" ተብዬ አንድ ቀሚስ ገዛሁ። ቤት ውስጥ ለብሼው ስንጎራደድ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በላብ ተጠመቅኩ፣ እግሬ ላይም እየተጣበቀ አላስኬድ አለኝ። ሐር እንዲህ ነው እንዴ? እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ሙቀት አይስማማትም።

ልብስ ሰፊው፦ እህቴ፣ የገዛሽው ሐር አይመስለኝም፤ ሳቲን ስለሆነ ብቻ ሐር ነው ብለውሽ ይሆናል። ሳቲን የአሸማመን ስም ነው እንጂ የክር ስም አይደለም፤ ከፖሊስተርም ይሠራል። ከውስጥ ስፌቱ ሁለት ሦስት ክር መዘዝ አድርጊና በወረንጦ ይዘሽ ሳህን ላይ ለኩሺው። ሐር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲያሹት ዱቄት ይሆናል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ሲበርድ እንደ ዶቃ ይደርቃል። ስትገዢ ደግሞ ሞሚውን ጠይቂ፤ የሐር ክብደት መለኪያ ነው። 12 ሞሚ ሰውነት ያሳያል፣ ገበር ይፈልጋል። ለጉዞ ከ16 እስከ 19 ጥሩ ነው። 16 ሞሚ ማለት በካሬ ሜትር ወደ 70 ግራም ነው፣ ሲታጠፍ እፍኝ አይሞላም። የሚያብረቀርቀውን ተይውና ክሬፕ የሚባለውን፣ የማያብረቀርቅና ገጹ ሸከር ያለውን ያዢ፤ ጭምድዱም የውሃ ጠብታውም ብዙ አይታይበትም።

የሪሾኗ፦ እዚሁ እስራኤል ነው የምኖረው። ኢየሩሳሌም 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች በፋሲካ ሰሞን ማታ ማታ ትበርዳለች። ዮርዳኖስና ኢያሪኮ ስትወርዱ ግን ከባሕር ወለል በታች ነው፣ ሙቀቱ ያፍናል። ለእናትሽ እጅጌው ረጅም፣ ብብቱ ሰፋ ያለ ልብስ ውሰጂላት፤ ጠባብ ሐር ላብ ሲነካው ምልክቱ ይቀራል፣ ስፌቱም ይተረተራል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ይሁን፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ አትቸገሩም።

አምና የሄድኩ፦ እኔ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ለቀዳም ሥዑር ሐር እንዳትለብሺ። 33 ሻማ አንድ ላይ ታስሮ ይያዛል፣ ሰዉ ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ነው። ዴር ሡልጣን ግቢ ውስጥ እጅጌዬ ላይ ሰም ተንጠባጠበብኝ። ደንግጬ ወዲያው ስጠርገው ባሰበት። ሲደርቅ በጥፍር ቀስ አድርጎ ማንሳት፣ የቀረውን በወረቀት መሃል አድርጎ ለብ ባለ ካውያ መተኮስ ነበር የሚያዋጣው። የዚያን ቀን የጥጥ ቀሚስና ነጠላችሁን ልበሱ።

የሳሪሷ፦ አቃጠልኩት፣ ዶቃ ሆነ! እግዜር ይስጥልኝ። አጣጠቡስ? ጉሎ ቅጠል ከሚበላው ትል የሚሠራው የአገራችን ሐርስ ይሆናል?

ልብስ ሰፊው፦ እሱ ኤሪ ይባላል። ክሩ ተፈትሎ ስለሚሠራ አያብለጨልጭም፣ ሞቅ ይላል። ለቀን ቀሚስ ሳይሆን ለእናትሽ የማታ ሻርፕ ግዢው፣ በጣም ትወደዋለች። እጥበቱ ቀላል ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጠብታ ሻምፖ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ። ሐር ሲረጥብ ስለሚደክም አትጭመቂው። ፎጣ ውስጥ ጠቅልለሽ ጫን ጫን አድርጊና ጥላ ውስጥ ስቀይው። ለሁለታችሁ ሁለት ሁለት ቀሚስ በቂያችሁ ነው።

የሳሪሷ፦ ቅዳሜ ክብሪት ይዤ ገበያ እወጣለሁ። ክር ለመምዘዝ እሺ ካላለኝ ሱቅ አልገዛም።