እርዱኝ! የቅድመ አያቴ የጦርነት ደብዳቤዎች ውሃ ገባባቸው

የሸዋ በሩ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው። ትናንት ማታ ደሴ ላይ የወረደውን በረዶ ታውቁታላችሁ። የኛ ጣሪያ አፈሰሰ፣ ውሃው ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ደብዳቤዎቹ ረጥበው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ልቦለዱ አራተኛ ምዕራፍ ላይ ደርሷል፤ ያለ እነሱ አንድ መስመር አልጽፍም። እህቴ በካውያ እንተኩሳቸው እያለች ነው። ቶሎ በሉ!

ቦርከና
የምን ደብዳቤ? የማን? ስንት ናቸው? ወንድሜ፣ እኛ ጠንቋይ አይደለንም እኮ።

የሸዋ በሩ
ይቅርታ፣ ከዚህ በፊት ያወራሁትን ሁላችሁም የምታስታውሱት መስሎኝ ነው። የእናቴ አያት ከጦር ሜዳ ደሴ ላሉት ሚስታቸው የላኳቸው ናቸው። ዘመኑ 1928 ነው። 17 ናቸው። በነሱ ተነስቼ ታሪካዊ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው።

ሩዝ በወጥ
ሩዝ ውስጥ ክተታቸው። የኔ ስልክ በሱ ነው የዳነው።

ዳቦ ቆሎ
ፎቶ አንሳቸው።

የልጆች እናት
ካውያ እንዳታስነካቸው! ቤተ መጻሕፍት ስሠራ አንድ ጊዜ ቧንቧ ፈንድቶብን ስለነበር የማውቀውን ልንገርህ። ፀሐይ ላይ አታስጣ። ምድጃ ዳርም አታስጠጋ፣ ወረቀቱ ይኮማተራል። የተጣበቀውን በጥፍርህ አታላቅቅ። በራሳቸው የተለያዩትን ብቻ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ አንድ በአንድ ዘርጋ፣ ጨርቁ ሲርስ ቀይር። ጋዜጣ አታንጥፍ፣ ቀለሙ ይዛመታል። ቬንትሌተር ካለህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው። አየሩ ይንቀሳቀስ እንጂ ወረቀቱ ላይ አይንፋ።

የተጣበቁትን ዛሬ ካልጨረስክ በንጹሕ ፌስታል ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አስገባቸው። ሻጋታ በሁለት ቀን ውስጥ ሊጀምር ይችላል፣ ብርዱ ግን ያቆመዋል። ቀስ ብለህ ለማሰብ ጊዜ ይሰጥሃል።

ቀለሙስ ምንድነው? ወይን ጠጅ ቀለም እየለቀቀ ከሆነ ኮፒያ እርሳስ ነው። ሲደርቅ ግራጫ ነው፣ ውሃ ሲነካው ወይን ጠጅ ይሆናል። እሱን ጨርቅ አድርገህ እንዳትጫነው፣ ጽሑፉ ተገልብጦ ጨርቁ ላይ ይቀራል።

የሸዋ በሩ
ወይን ጠጅ ነው!! እጄ ራሱ ወይን ጠጅ ሆኗል። ፍሪዘሩ ውስጥ ደግሞ የእህቴ ዶሮ አለ።

ሩዝ በወጥ
ዶሮውን አውጣና ጥራን። ሩዙን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ሐረጎ ቁልቁለት
ደሴ ብርድና ጉም ውስጥ ተቀምጠህ ይደርቃል ብለህ አትጠብቅ። ሐረጎን ውረድና ኮምቦልቻ ይዘኸው ና። እዚህ ልብስ ሳይሰጣ ይደርቃል።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ስለ ወረቀቱ እትዬ በቂ ነግራሃለች። እኔ ስለ ልቦለዱ ልናገር። ባለፈው ለጥፈህልን በነበረው ምዕራፍ ሁለት ላይ ዘማቹ ክላሽ ይዟል። ክላሽ በ1928 አልተፈጠረም። ወጨፎ በል፣ ምንሽር በል፣ አልቢን በል። ይሄ አንድ። ሁለት፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ጃንሆይ ራሳቸው ከተማው ውስጥ ነበሩ። ሆስፒታል ሳይቀር ተመቷል። አንተ ግን ያን ቀን ሚስትየውን ገበያ ሄዳ ሽንኩርት ስታማርጥ ነው የጻፍካት። ሦስት…

ቦርከና
ጋሼ፣ ልጁ ቤቱ ውሃ ገብቶበታል!

የሸዋ በሩ
ክላሹን አስተካክላለሁ ጋሼ። ድብደባው አምስተኛው ደብዳቤ ውስጥ አለ። «ከተማው ነደደ ሲሉ ሰማሁ፣ ቤቱስ እንዴት ሆነ» ይላል። የሚያስጨንቀኝ ግን የመጨረሻው ነው። «በጊዮርጊስ ዋዜማ ተጻፈ» ይላል፣ «ነገ እንገጥማለን» ይላል። የማይጨው ዋዜማ ነው። ምዕራፉ የሚዘጋው በሱ ነው። እሱ ከጠፋ ልቦለዱ ሞተ።

ጡረተኛው መምህር
ማይጨው መጋቢት 22 ነው። ጊዮርጊስ 23 ነው። ስለዚህ ዋዜማው ራሱ ውጊያው የዋለበት ቀን ነው። ያን ቀን ጎህ ሳይቀድ የተጀመረ ተኩስ እስኪመሽ አልበረደም። «ነገ እንገጥማለን» ብሎ ያስጻፈው በየትኛው ሰዓት ነው?

የሸዋ በሩ
ሌሊት ሊሆን ይችላላ፣ ከመጀመሩ በፊት።

ጡረተኛው መምህር
ወሩን ጽፏል?

የሸዋ በሩ
ወሩ የለም።

ጡረተኛው መምህር
ጊዮርጊስ እኮ በየወሩ አለ፣ ልጄ። የካቲትን ብቻ ብትወስድ አምባ አራዶም፣ ተምቤን፣ ሽሬ ተከታትለው የተካሄዱበት ወር ነው። ማይጨው ነው ያልከው አንተ ነህ፤ ደብዳቤው አላለም።

ዳቦ ቆሎ
ፎቶ አንስተሃል?

ቦርከና
እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ልጠይቅ፣ አትቆጣ። ደብዳቤዎቹን የጻፏቸው እውነት እሳቸው ናቸው? በዚያን ዘመን ከዘመተው ሰው ውስጥ ስንቱ ይጽፋል? ያስጽፋል እንጂ። በዚያ ላይ ቅድመ አያትህ ሙስሊም እንደነበሩ ነግረኸናል። ታዲያ በጊዮርጊስ ዋዜማ ብሎ ቀን የሚቆጥረው ማነው? የጻፈላቸው ደብተራ ነው። አንተ ሁለት ዓመት ሙሉ «ድምፃቸው ይሰማኛል» ስትለን የከረምከው የደብተራውን ድምፅ ነው።

ሐረጎ ቁልቁለት
ወሎ ነው አቦ! እናቴ ሐጂ ናት፣ ዕቁቧን የምትጥለው በሚካኤል ነው። ቀን አቆጣጠር ምንም አያረጋግጥም።

ቦርከና
እሺ፣ እሱን ተውኩት። ግን ሁሉም ደብዳቤ «ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኔ ደህና ነኝ» ብሎ የሚጀምረው ለምንድነው? 17ቱም ቃል በቃል? ያ የጸሐፊ ልማድ ነው፣ ሚስቱ የናፈቀችው ሰው እንደዚያ አያወራም።

የሸዋ በሩ
አሁን ይሄ ጊዜው ነው? ወረቀቱ እየሟሟ ነው እኮ። ደግሞ አምስተኛው ላይ «ቤቱስ» ያለው ማነው? ደብተራው ቤት ነበረው እዚህ?

የልጆች እናት
አብሽር፣ ተረጋጋ። ቦርከና ያለው ግን ልቦለድህን አይገድልም። ደብተራውን ከሳቸው ጎን አስቀምጠው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይጽፋል፣ መሀል ላይ የሚቀር ነገር አለ። ደግሞ የሚስቲቱ መልስ አንድም እንደሌለህ አስተውለሃል? እሷስ ማንን አስጻፈች? የገረመኝ እሱ ነው።
አሁን ስንቱን ለየህ?

የሸዋ በሩ
ዘጠኙ ጨርቅ ላይ ናቸው። ሰባቱ ፍሪዘር ገብተዋል (ዶሮው ወጥቷል)። የመጨረሻው ብቻ ቀረኝ፣ ፎቶውን ይኸው። ፊቱ ደህና ነው። የፈሰሰው ጀርባው ነው። ጀርባው ላይ በአረብኛ የተጻፈ ክታብ ነገር አለ፣ ወይን ጠጁ በሙሉ የሚመጣው ከሱ ነው። ፊቱን ለማዳን ጀርባውን በጨርቅ ልጥረገው? እሱ እንኳ ለልቦለዱ አይጠቅመኝም።

ቃሉ
እንዳትነካው!!!
ፎቶውን አሁን ነው ያየሁት። ክታብ አይደለም። ቢስሚላሂ ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ወዲያ ግን አረብኛ አይደለም። አማርኛ ነው፣ በአረብኛ ፊደል የተጻፈ። ዓጀሚ ነው። የወሎ ሼሆች መንዙማ የሚጽፉበት ማለት ነው። አያቴ ጌታ በሚባለው የወሎ የእስልምና ትምህርት ቦታ ነው የቀራው፣ ለከብት ሽያጭ ሒሳብ ሳይቀር በዚህ ይጽፍ ስለነበር ዓይኔ ለምዶታል። ልጅ ሆኖ ቁርኣን የቀራ ሰው የግዕዝ ፊደል ባይቆጥርም እንዲህ መጻፍ ሊችል ይችላል።
ከፎቶው የሚነበበኝ ይህን ያህል ነው፦
«የላክሽው በሶ ደረሰ።» ቀጥሎ አንድ መስመር ጠፍቷል። ቀጥሎ «ደህና ነኝ በልልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። እግሬ ግን…»
ከ«ግን» በኋላ ወይን ጠጅ ብቻ ነው።

ቦርከና
ወላሂ ዝም አልኩ።

ጡረተኛው መምህር
ፊቱ በደብተራው እጅ፣ ጀርባው በራሳቸው እጅ ከሆነ፣ ልጄ፣ የማይጨውን ነገር እርሳው። ምዕራፉን ከዚህ ጀምር። ሚስቲቱስ ዓጀሚ ታነብ ነበር? ካላነበበች ማን አነበበላት? ወይስ እንዳንተ ክታብ ነው ብላ አስቀመጠችው?

የልጆች እናት
አሁን የምልህን አድርግ። የተጻፈበትን ጀርባ ወደ ላይ አድርገህ ዘርጋው፣ ምንም ነገር አትጫንበት። ሲደርቅ ክፍሉን አጨልምና ባትሪ ከጎን፣ ዝቅ አድርገህ አብራበት። እርሳስ ወረቀቱን ይሰረጉደዋል። ቀለሙ ቢሄድም ጭረቱ ሊታይ ይችላል። በዚያ ብርሃን አራት አምስት ፎቶ አንሳ፣ ባትሪውን በየአቅጣጫው እያዞርክ።

የሸዋ በሩ
ቆይ። ጠረጴዛው ላይ የለም። እህቴ የት እንዳደረገችው ልይ

ሩዝ በወጥ
ካውያው!

ቃሉ
የሸዋ በሩ፣ አለህ?

ሐረጎ ቁልቁለት
ሸዋ በር ሰፈር መብራት ጠፍቷል ይላሉ። ለዚያ ይሆናል።

ቃሉ
መብራት ከጠፋ ካውያም አይሠራም፣ አልሐምዱሊላህ። ሰኞ ለገበያ ደሴ እወጣለሁ። ወረቀቱን በዓይኔ ባየው ከፎቶው ይሻላል። አድራሻህን በውስጥ ጻፍልኝ።

ቃሉ
ሰኞ ነገ ነው። አለህ?

ዳቦ ቆሎ
ፎቶ አንሳቸው ያልኩት እኮ በሦስተኛው ደቂቃ ነው።