ሮም ላይ አንድ ቀን ብቻ፣ ቫቲካን ወይስ ኮሎሲየም?

መንገደኛው፦
ሰላም ጎበዝ። ከዲሲ ወደ አዲስ ስንሄድ ሮም ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ጊዜ አለን። እኔና እናቴ ነን። እሷ ቫቲካንን ሳላይ አልሄድም ብላለች፣ እኔ ደግሞ ኮሎሲየምን ነው የምፈልገው። ሁለቱም ይሆናል? እማዬን ጉልበቷን ያማታል፣ ብዙ መራመድ አትችልም።

የቴርሚኒ ልጅ፦
መጀመሪያ ፓስፖርታችሁ የየት ነው? የኢትዮጵያ ከሆነ ግሪን ካርድ ቢኖራችሁም ያለ ሼንገን ቪዛ ከኤርፖርት አትወጡም። እሱ ካላስቸገረ ከፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በግማሽ ሰዓት ገደማ ዋናው ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ያወርዳችኋል። ሻንጣ ማስቀመጫም እዚያው አለ። ከዚያ ኮሎሲየም በሜትሮ ቢ ሁለተኛው ፌርማታ ነው፣ ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ ታገኙታላችሁ። መግባት ካማረህ ትኬቱን ቀድመህ ቁረጥ፣ ስም ስለሚጻፍበት ፓስፖርት ይዘህ ግባ። አጠገቡ ያለውን የጥንት ሮማ ፍርስራሽ፣ ፎሩሙን ግን ተወው፣ መሬቱ ወጣ ገባ ድንጋይ ነው፣ ለእናትህ አይሆንም።

ሸገር በሮም፦
እኔ ቫቲካንን አስቀድሙ ባይ ነኝ። ሙዚየሙን ሳይሆን ትልቁን ቤተ ክርስቲያን፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካውን! ሙዚየሙ ቀናችሁን ይበላዋል። ባሲሊካው ነጻ ነው፣ የፍተሻ ወረፋው ግን ፀሐይ ላይ ስለሚያቆም በጠዋት ድረሱ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፣ እናትዬው ነጠላቸውን ጣል ካደረጉ ማንም አይናገራቸውም። ከባሲሊካው ጀርባ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ የሚባል የጥንት የሐበሻ መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን አለ። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1540ዎቹ መጨረሻ ሮም ላይ ያሳተሙት እዚያ እየኖሩ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ ስለሆነ ሰተት ብሎ አይገባም።

አሉላ ነኝ፦
ቴርሚኒ ፊት ለፊት ያለውን አደባባይ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት። ስሙ «የአምስት መቶዎቹ» ነው፣ ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ማለት ነው። መታሰቢያቸውም ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል፣ ከግብፅ የመጣ ሐውልት ላይ። ቱሪስቱ ዞር ብሎም አያየው። የአክሱም ሐውልት ከስድሳ ዓመት በላይ የቆመበት ቦታ ደግሞ ከኮሎሲየም ብዙም አይርቅም፣ የፋኦ (የተመድ የምግብና የእርሻ ድርጅት) ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገባ፣ አሁን የምታዩት የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው። ለእኔ ግን ከኮሎሲየም ይበልጥብኛል።

መንገደኛው፦
ፓስፖርታችን የአሜሪካ ነው፣ ተመስገን። እንግዲያው ጠዋት ባሲሊካ፣ ከሰዓት ኮሎሲየም ከውጭ፣ በታክሲ ደግሞ ፋኦ ጋ። እማዬ አሁን ምሳ እንጀራ ይገኛል ወይ እያለች ነው።

የቴርሚኒ ልጅ፦
አይ እናት! ቴርሚኒ ዙሪያ የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል። ግን እባክህ ሮም ድረስ መጥተው ፒሳ ሳይቀምሱ እንዳይሄዱ።