ሥራ ልለቅ ነው፤ ኩርፊያዬን ይዤ ልውጣ?

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን በሠለጠነ ሠራተኛነት ወደ ካናዳ ለማመልከት እየተዘጋጀሁ ነው። ሥራውን ጠልቼዋለሁ። የክፍል ኃላፊው ሰው ፊት ያመናጭቀኛል፤ ፈረቃዬ መቀየሩን የምሰማው ማታ በስልክ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ላለመግባት ወስኛለሁ። እናቴ ከደሴ እየደወለች «ተዪ ልጄ፣ ሰው አስቀይመሽ አትውጪ» ትለኛለች። እናንተ ወጥታችሁ ያያችሁት ንገሩኝ፤ ዝም ብዬ ብቀር ምን ይጎድልብኛል?

መልስ፣ ከካልጋሪ

እህቴ፣ አብሽሪ። እኔም ከዚያው ከተማ፣ ከሌላ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው የወጣሁት፤ ሰባት ዓመት ሠርቼ በ2012 ዓ.ም. ለቀቅሁ። ስሜትሽን አውቀዋለሁ። ጠዋት የሠራተኛ አውቶቡስ ሲመጣ ሆዴ ይጨነቅ ነበር። ኃላፊዬ ሞተር በተቃጠለ ቁጥር ጥፋተኛ የሚፈልግ ሰው ነበር፤ ጥፋተኛውም ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ።

ለመልቀቅ የወሰንኩ ዕለት ሌሊቱን ሦስት ገጽ ደብዳቤ ስጽፍ አደርኩ። ያልጻፍኩት በደል አልነበረም። በማግስቱ ደሴ ወጥቼ ለአጎቴ አነበብኩለት። እስክጨርስ አዳመጠኝና «ይህ ወረቀት የት ነው የሚቀመጠው?» አለኝ። «ማኅደሬ ውስጥ» አልኩት። «እንግዲያው ነገ ስለ አንተ የሚጠየቅ ሰው ማኅደሩን ሲገልጥ የሚያገኘው ይህን ነው» አለና ሦስቱንም ገጽ ጀበናው ሥር ካለው ከሰል ላይ አኖራቸው። በምትኩ ይህችን ጻፍን፦ «በግል ምክንያት ሥራዬን ለመልቀቅ ስለወሰንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እየሰጠሁ፣ በእጄ ያለውን ሥራና ንብረት አስረክቤ ክሊራንስና የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመርንም።

የ30 ቀኑ ነገር የጨዋነት ብቻ እንዳይመስልሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የሚጠይቀው ነው። ሳታሳውቂ ብትቀሪ ድርጅቱ እስከ 30 ቀን ደመወዝሽ የሚደርስ ካሣ ከቀሪ ክፍያሽ ላይ ሊይዝብሽ ይችላል። በሥርዓት ከወጣሽ ግን ቀሪ ደመወዝሽና ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተሰልቶ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈልሽ ይገባል።

ዋናው ነገር ግን ገንዘቡ አይደለምና እዚህ ላይ አስተውዪልኝ። አዋጁ አሠሪውን በነፃ እንዲሰጥሽ የሚያስገድደው የሥራ ልምድ ሦስት ነገር የያዘ ነው፦ የሥራሽን ዓይነት፣ የቆየሽበትን ጊዜና ደመወዝሽን። የካናዳ ኢሚግሬሽን የሚፈልገው ደብዳቤ ግን ከዚህ ይሰፋል። የድርጅቱ ስምና አድራሻ በራስጌው ባለበት ወረቀት ላይ ተጽፎ የያዝሻቸውን የሥራ መደቦች፣ በየመደቡ ያከናወንሻቸውን ተግባራት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራሽ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ደመወዝሽንና ጥቅማ ጥቅምሽን መያዝ አለበት፤ የፈረመው ኃላፊ ስምና ማዕረግም ይኑርበት። የተግባር ዝርዝሩን እንዲጽፍልሽ ማንንም በሕግ አታስገድጂም። ሰው ፈቅዶ፣ አንቺን አስታውሶ፣ ተቀምጦ የሚጽፈው ነው። በሰኞው ኩርፊያ የምታጪው ይህንን ነው።

በ30 ቀኑ ውስጥ እኔ ያደረግሁት ቀላል ነበር። አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ገዝቼ የትኛው ማሽን ምን ዓይነት ድምፅ ሲያሰማ ምኑ እንደሚፈተሽ፣ የትኛው ፓምፕ ከዝናብ በኋላ እንደሚያስቸግር ጻፍኩ። የመሣሪያ ሳጥን ቁልፎቹ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ቁጥር ሰጠኋቸው። የሚተካኝን ልጅ አብሬው ሁለት የሌሊት ፈረቃ ገባሁ። ኃላፊው ደብተሩን ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገና ምንም አላለኝም። አመሰግናለሁ አላለኝም ማለቴ ነው፤ ያኔ አናዶኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ኮምቦልቻ ላይ የደረሰውን እናንተው አይታችሁታል። የእኛ ፋብሪካ መዝገብ ቤትም ተበተነ፤ ማኅደሬም አብሮ ጠፋ። በ2015 ዓ.ም. ደብዳቤውን ፈልጌ ስደውል የሰው ሀብት ክፍሏ እህት «ወንድሜ፣ በስምህ አንድ ወረቀት የለንም» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ቀጥላ ግን «ቆይ፣ የድሮውን አለቃህን ልጠይቅ» አለች። በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። ያ ሰውዬ የጻፍኩትን ደብተር ከቢሮው መሳቢያ አውጥቶ፣ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ተግባሮቼን አንድ በአንድ አስጽፎ ፈርሞበታል። የቆይታ ጊዜዬን ደግሞ ደመወዜ የገባበት የባንክ መግለጫ አረጋገጠልኝ። ሰውየውን ዛሬም አልወደውም፤ ያደረገልኝን ግን አልረሳም። ሦስቱን ገጽ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ያንን መሳቢያ ይከፍት ነበር ብዬ አላምንም።

ደግሞ አገራችን ጠባብ ናት። ኮምቦልቻና ደሴ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያስቀየምሽው ሰው ለቅሶ ቤት ይገኛል፤ የሐረጎን ዳገት ስትወጪም ሚኒባስ ውስጥ አጠገብሽ ይቀመጣል። እናትሽ የሚያስቡት ይህንን ይመስለኛል፤ እሳቸው እዚያው ነው የሚኖሩት።

ስለዚህ ደብዳቤውን አገር ውስጥ እያለሽ አስጽፊ። ከወጡ በኋላ በኤምባሲ ውክልና አሠርቶ መላክ፣ ተወካይ ማስሮጥ ከባድ ነው።

መልስ፣ ከፍራንክፈርት

የካልጋሪው ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ምክንያቱም ሴቶች በዝምታ ሲጎዱ አይቻለሁ። ማመናጨቅ አንድ ነገር ነው። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ክብርሽን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመብሽ፣ ወይም ፆታዊ ትንኮሳ ከደረሰብሽ፣ ያው አዋጅ ያለ ማስጠንቀቂያ እንድትለቂ ይፈቅድልሻል። ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለብሽ፤ መብቱም በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀምሽበት ያልፋል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ለሥራ ልምድ ብለሽ 30 ቀን አትታገሺ፤ የሠራተኛ ጉዳይን ለሚመለከተው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ወይም ለሕግ ባለሙያ ዛሬውኑ ንገሪ።

ጠያቂዋ፣ ከኮምቦልቻ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲያ ያለ ነገር አልደረሰብኝም፤ የእኔ ችግር የኃላፊው ጩኸትና የፈረቃው ነገር ነው። ሰኞ ገባሁ። ደብዳቤዬን ለመዝገብ ቤት ሰጥቼ በግልባጩ ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፌበታለሁ። ለኃላፊው በቃል የነገርኩት ከመዝገብ ቤት በፊት ነው፤ ዝም ብሎ አየኝና «ማንን ታሠለጥኝልኛለሽ?» አለኝ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ የተግባር ዝርዝሩን ራሴ አርቅቄ ልስጣቸው ወይስ እነሱ ይጻፉት?

መልስ፣ ከካልጋሪ

ራስሽ አርቅቂና ለሚፈርመው ሰው አሳዪው፤ ሥራ ይቀንስለታል። ከካናዳ የሙያ መደብ ዝርዝር ላይ ቃል በቃል አትገልብጪ፤ በእጅሽ የሠራሽውን ጻፊ፤ ናሙና ከየት እንደምትወስጂ፣ በምን እንደምትለኪው፣ መስፈርቱን ያላሟላውን ምርት ለማን እንደምትመልሺ። የሳምንቱ ሰዓት 48 ከሆነ 48 ተብሎ ይጻፍ። ማኅተሙ ፊርማው ላይ አርፎ ስሙን እንዳይሸፍነው ደግሞ እዚያው ቆመሽ ተመልከቺ።