የሪጀንት ምርጫ፦ ለዕጩዎች የምናቀርባቸው ጥያቄዎችና የኦክቶበር 12 ዝግጅት (አስተያየት ይሰጥበት)

ጸሐፊ (ሴፕቴምበር 15፣ 2024)
እሑድ በማኅበራችን ኮሚቴ የተስማማንበትን ላስፍረው፤ በኋላ «አልተነገረንም» እንዳይባል። ኖቬምበር 5 ስለ ፕሬዚዳንት ምርጫ ሁሉም አፉን ሞልቶ ያወራል። ዩኤንኤልቪን (የላስ ቬጋሱን ዩኒቨርሲቲ)፣ ሲኤስኤንን (የደቡብ ኔቫዳ ኮሌጅን)፣ ኔቫዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የኔቫዳን ስምንት የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚያስተዳድሩትን 13 ሪጀንቶች ግን የሚያውቅ የለም። የኛ ሰው ድምፅ መስጫው በፖስታ ሲመጣለት ላዩን ሞልቶ ታች ሳይደርስ ያሽጋል። የፓርቲ ስም ስለማይጻፍላቸው ገምቶ መምረጥም አይቻል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽና በታጋሎግ ነው፤ አማርኛ የለበትም።

ስለዚህ ለዕጩዎቹ ስድስት ጥያቄ እንልካለን። መልሳቸውን በአማርኛ አሳትመን 500 ቅጂ በየሱቁ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ እናድላለን። ኦክቶበር 12 አዳራሽ ይዘን ራሳቸውንም እንጋብዛለን። ቀድሞ መምረጥ ኦክቶበር 19 ስለሚጀመር ከዚያ ማለፍ የለበትም። ጥያቄዎቹ ስለ ክፍያ ጭማሪ፣ ስለ ግቢ ጥበቃ፣ ስለ ተቋማቱ ፕሬዚዳንቶች አሿሿም፣ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወሩ ሳይቆጠር ስለሚወድቅ ክሬዲት፣ ስቴቱ ለተማሪ ስለሚከፍለው ሚሌኒየም ስኮላርሺፕና ሪጀንቶቹን ከስቴቱ ሕገ መንግሥት ለማውጣት ለሕዝብ ድምፅ ስለቀረበው «ጥያቄ 1» ናቸው። ሪጀንትን «እንደራሴ» ብለን ርእሱ «ለእንደራሴነት የሚወዳደሩት ምን ይላሉ?» ይሆናል። ትርጉሙን ተመራቂው ይዞታል።

ተመራቂው
ይዣለሁ! በሁለት ቀን ታገኙታላችሁ። ዲዛይኑንም እኔው እሠራዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ
አካውንቱ ውስጥ ያለው 1,140 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ 300ው ለቀብር መረዳጃ የተቀመጠ ስለሆነ አይነካም። ባለፈው ዓመት ስለ ድምፅ ማጉያው የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። ደግሞ «እገሌን ምረጡ» የሚል አንድ ቃል ቢገኝ ከግብር ነፃ የሆንንበት ወረቀት አደጋ ላይ ነው። ሁሉም ዕጩ እኩል ይጠየቅ፣ እኩል መስመር ይሰጠው።

የማታ ሹፌር
ሪጀንት የሚመረጠው በወረዳ ነው፤ እኔ በየትኛው ወረዳ ነኝ? ቤት ቀይሬያለሁ።

የድሮ መምህር
አንድ እርማት። የሚሌኒየም ስኮላርሺፕን መጠን የሚወስነው ዋና ከተማው ካርሰን ሲቲ ያለው የስቴቱ ሕግ አውጪ ነው እንጂ ሪጀንቶቹ አይደሉም። ሪጀንቶቹ የሚወስኑት የክሬዲቱን ክፍያ ነው። ስኮላርሺፑ ሲጀመር ለዩኒቨርሲቲ በክሬዲት 80 ዶላር ነበር፣ ያኔ 80ው ይበቃ ነበር። ዛሬም 80 ነው፤ ክፍያው ግን ጥሎት ሄዷል። ጥያቄው «ክፍያውን ስትጨምሩ ስኮላርሺፑ እዚያው መቆሙን ታስባላችሁ ወይ?» ተብሎ ይቃና።

የመንትዮች እናት
ጋሼ ልክ ናቸው። እኔ ግን የጥበቃው ጥያቄ መጀመሪያ ላይ ይሁን ነው የምለው። ዲሴምበር 6፣ 2023 ዩኤንኤልቪ ውስጥ ሦስቱ መምህራን በጥይት የተገደሉ ዕለት ልጄ ስልክ እስክታነሣ ድረስ የነበርኩበትን እኔ ነኝ የማውቀው። ለጥበቃ ስንት እንደሚመድቡ፣ ከየት እንደሚያመጡት በግልጽ ይንገሩን።

አስመራ ያደገች
ከሁሉ በፊት «እንደራሴ» የሚለው ቃል ይነሣ። እኔ አስመራ ነው ያደግሁት። እንደራሴ ሲባል ትዝ የሚለን የንጉሡ እንደራሴ ሆነው ኤርትራን ያስተዳደሩት ራስ አንዳርጋቸው ናቸው፤ ከላይ የተላከ ሰው። ይኼ ወረቀት እኛ ሱቅ በር ላይ ከተለጠፈ ገበያተኛው ምን እንደሚለኝ አስቡት።

የድሮ መምህር
እንደራሴ ማለት «እንደ ራሴ» ነው፤ በእኔ ቦታ የቆመ ማለት። የሕዝብ እንደራሴ ሲባል አልሰማሽም? ተፈሪም በ1909 ዓ.ም. «አልጋ ወራሽና እንደራሴ» ሲባሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈላቸው ይኸው ሪጀንት የሚለው ቃል ነው። ከዚህ የተሻለ ትርጉም ከየት ይመጣል?

አስመራ ያደገች
ታዲያ እርስዎ ራስዎ ተናገሩት። ተፈሪን ማን መረጣቸው? መኳንንት። እነዚህን የምንመርጠው እኛ ነን።

የማታ ሹፌር
«እንደ ራሴ» ከሆነ ከ13ቱ እኔን የሚመስል አንድም የለም 😄 ወረዳዬን ግን የነገረኝ የለም።

ገንዘብ ያዥ
ባለአደራ በሉት። የባለአደራ ቦርድ ሁሉም የሚያውቀው ቃል ነው።

የመንትዮች እናት
ባለአደራ ካላችሁ እኔ የማስታውሰው ከ97ቱ ምርጫ በኋላ አዲስ አበባን ባለአደራ ያስተዳደረበትን ጊዜ ነው። ሳይመረጥ የተቀመጠ ማለት ነው። የጥበቃውን ጉዳይ ግን አደራ።

ገንዘብ ያዥ
እንግዲያው «የበላይ ጠባቂ»።

የማታ ሹፌር
የበላይ ጠባቂ የእግር ኳስ ክለብ ነው ያለው።

የድሮ መምህር
ቃል በዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። «ገዢ» ብትሉት ሌላ፣ «ቦርድ» ብትሉት ሌላ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቦርድ አለው። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ መምህራን በደብዳቤ ሲባረሩ ያዳናቸው ቦርድ የለም። ቦርዱ ለማን እንደሚታዘዝ ነው ነገሩ። እዚህ በ1864 እ.ኤ.አ. የኔቫዳን ሕገ መንግሥት ሲጽፉ ሪጀንቶቹን ውስጡ አስገቧቸው፤ ለሕዝብ እንጂ ለሹመኛ እንዳይታዘዙ ነው ባይ ነኝ። «ጥያቄ 1» ያንን ሊያወጣው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በጥቂት ሺህ ድምፅ ወድቆ ነበር፤ ይኸው ተመልሶ መጣ።

የማታ ሹፌር
ጋሼ፣ አንድ ጊዜ። እኔ «ጥያቄ 1» ይለፍ ባይ ነኝ። ካለፈ ሪጀንቶቹ አይጠፉም፤ ምርጫውም ወዲያው አይቀርም። ሕግ አውጪው ግን እንደ ሌላው መሥሪያ ቤት ሊቆጣጠራቸው ይችላል፤ በየሁለት ዓመቱ ኦዲትም አለው። ሕገ መንግሥት ውስጥ ነን ብለው መልስ የማይሰጡበትን ጊዜ አይተናል። ልጄ የምትከፍለው ገንዘብ የት እንደሚሄድ የሚቆጥር ሰው እፈልጋለሁ።

የድሮ መምህር
በሁለት ዓመት አንዴ 120 ቀን ተሰብስቦ የሚበተን ምክር ቤት ነው የሚቆጣጠራቸው? አንተ ሌሊት ሌሊት የምታዳምጠው ሬዲዮ ነው እንዲህ የሚያስብልህ።

የማታ ሹፌር
ሬዲዮ ሳይሆን ሒሳብ ነው። ልጅ የማይከፍልለት ሰው ስለ ነጻነት ለመናገር ይቀለዋል።

ጸሐፊ
በቃ! ሁለታችሁም። ያልኳችሁ ዕጩዎቹ የሚሉትን እንስማ ነው፤ እኛ የምንለውን አይደለም።

ገንዘብ ያዥ
ይኸው! ለዚህ ነበር ያስጠነቀቅሁት። «ጥያቄ 1» ከስድስቱ ይውጣ። ማኅበሩ ወገን ያዘ ቢባል መልስ የሚሰጠው እኔ ነኝ፤ ፊርማው የእኔ ነው።

የመንትዮች እናት
ዋናው እሱ አይደለም እንዴ? የሚወዳደሩበትን ወንበር ሥልጣን የሚቀይር ነገር ሳይጠየቁ ሊቀሩ ነው? አንድ ዕጩ «ይለፍ» ቢል፣ ሌላው «ይውደቅ» ቢል፣ ሁለቱንም ማተም ወገን መያዝ አይደለም።

ገንዘብ ያዥ
ይውጣ ብያለሁ።

የማታ ሹፌር (ሴፕቴምበር 19)
ጋሼ፣ የትናንቱን ይቅር በሉኝ። 14 ሰዓት ነድቼ ነው የጻፍኩት።

የድሮ መምህር
እኔም ሬዲዮውን ማንሣት አልነበረብኝም። ትልቋ ልጅህ ነርሲንግ ገባች ወይ?

የማታ ሹፌር
ተጠባባቂ ላይ ናት። ቦታ የለም ይሏታል፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ነርስ የለም ይላል።

የመንትዮች እናት
ይኼ እኮ ሰባተኛ ጥያቄ ነው! የነርሲንግ ወንበር ለምን አይጨምርም? የሚያስተምር ሰው ጠፍቶ ነው ወይስ በጀት? የኛ ግማሽ ሴቶች እዚያው ሙያ ውስጥ ናቸው።

ጸሐፊ
ገባ። የሚሌኒየሙ ከክፍያው ጋር ተጣመረ፣ የነርሲንጉ በቦታው ገባ፣ ስለ «ጥያቄ 1» ገና አልተወሰነም። ተመራቂው፣ ትርጉሙ ምን ደረሰ?

ተመራቂው
ደመራ ካለፈ በኋላ። ርእሱ ሳይወሰን ዲዛይን መጀመር ከባድ ነው።

አስመራ ያደገች
ርእሱ ቀላል ነው። «ሪጀንት» ብላችሁ እንደወረደ ጻፉት። ታክሲ ብለናል፣ ባንክ ብለናል።

የድሮ መምህር
እናቶች ሪጀንት ምን እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ወረቀቱ ለእነሱ ነው የተባለው። ለነገሩ ንጉሥ የሌለው አገር ሪጀንት ማለቱ ራሱ የሚያስቅ ነው።

አስመራ ያደገች
እናቶች ከእርስዎ የተሻለ ያውቃሉ። የልጃቸውን ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ) የሚሞሉት እነሱ ናቸው።

የድሮ መምህር
እንግዲህ የማይፈለግ ሽማግሌ ከሆንኩ ከኮሚቴው ወጥቻለሁ።

ጸሐፊ
ጋሼ፣ ማን ወጡ አለዎት? ድምፅ እንስጥበት። እንደራሴ፣ ባለአደራ፣ የቦርድ አባል፣ ሪጀንት። እስከ ነገ ማታ።

ጸሐፊ (ሴፕቴምበር 24)
እንደራሴ 9፣ ሪጀንት 9፣ ባለአደራ 2፣ የቦርድ አባል 1። አንድ ሰው «አልጋ ወራሽ» ብሎ ጽፏል፤ ማን እንደሆነ አውቀናል።

የማታ ሹፌር
😄

ገንዘብ ያዥ
የአዳራሹ ባለቤት እስከ አርብ 250 ቅድሚያ ክፈሉ ብሏል። ደብዳቤው ለዕጩዎቹ ተልኳል? ማን ይመጣል? ይህን ሳላውቅ ቼክ አልጽፍም።

ጸሐፊ
ደብዳቤው ርእሱ እስኪያልቅ እየጠበቀ ነው።

የማታ ሹፌር
ደብዳቤው የሚላከው በእንግሊዝኛ አይደለም እንዴ?

የመንትዮች እናት
…

ጸሐፊ
ነው። ተመራቂው ሁለቱንም አንድ ላይ እልካለሁ ብሎ ነበር። ስደውልለት አያነሣም።

አስመራ ያደገች
ልጁ ሪኖ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄዷል ሲባል ሰምቻለሁ። ኢሜይሎቹም ዝርዝሩም በእሱ ኮምፒውተር ላይ ነው።

የድሮ መምህር
ተመልሻለሁ። ሳይሰናበት ሄደ?

ገንዘብ ያዥ
እንግዲያው አዳራሹን ተዉት። 250ው ይቀመጥ።

የመንትዮች እናት (ኦክቶበር 1)
ቢያንስ ወረቀቱን እናትም። ዕጩዎቹ የራሳቸው ድረ ገጽ ላይ የጻፉትን፣ የአካባቢ ጋዜጦች የጠየቋቸውን ሰብስበን፣ የእያንዳንዱን በራሱ ቃል በአጭር በአማርኛ እናስቀምጥ። ጥበቃን በተመለከተ ያሉትን እኔ እፈልጋለሁ።

የድሮ መምህር
ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። ትርጉሙን እኔ እሠራለሁ። ከላይ ግን ለአንባቢ የሚሆን አጭር የቃላት መፍቻ ይቅደም፦ ሪጀንት፣ ቻንስለር፣ ፕሬዚዳንት። ሰው ቻንስለሩ ሁሉንም ተቋማት፣ ፕሬዚዳንቱ ደግሞ አንዱን እንደሚመራ አያውቅም። ሪጀንቶቹ ሁለቱንም እንደሚሾሙ አያውቅም።

አስመራ ያደገች
በመፍቻው ውስጥ «እንደራሴ» በቅንፍ ይግባ፤ እሺ ብያለሁ። ሪጀንት ግን ከፊት።

የድሮ መምህር
በቅንፍ?

አስመራ ያደገች
በቅንፍ።

የድሮ መምህር (ኦክቶበር 8)
መፍቻው ሦስት ገጽ ሆነ። ታሪኩን ሳልነካው ማለፍ አልቻልኩም።

ገንዘብ ያዥ
500 ቅጂ በሦስት ገጽ የማተሚያው ዋጋ አይቻልም። አንድ ገጽ። የዕጩዎቹ ክፍል ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

የመንትዮች እናት
ለሌላ ጊዜ ማለት ከኖቬምበር 5 በኋላ ነው?

ጸሐፊ
በጊዜው የደረሰልን ይህ ነው። የተስማማነው፦ እሑድ ኦክቶበር 13፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቡና። አንድ ገጽ መፍቻ ይታደላል፤ ከኋላው ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ ክፍያ፣ ጥበቃ፣ ነርሲንግ። እያንዳንዱ ለወረዳው ዕጩ ራሱ እንዲጠይቅ። ስለ «ጥያቄ 1» «በድምፅ መስጫው ላይ አለ፣ አንብቡት» የሚል መስመር ገብቷል፤ ገንዘብ ያዥ ፈቅደዋል። ስለ ፕሬዚዳንቶች አሿሿምና ስለሚወድቀው ክሬዲት የሚሉት ቦታ ስላልበቃቸው ወጥተዋል።

የመንትዮች እናት
የክሬዲቱ ወጣ? እሱን ያመጡት እኮ የሲኤስኤን ልጆች ናቸው።

ጸሐፊ
ልጆቹ እዚህ አንድ ቃል አልጻፉም።

የማታ ሹፌር
ወረዳዬን ራሴ ፈልጌ አገኘሁት። የእኔ ሪጀንት ዘንድሮ አይመረጥም። የሥራ ዘመናቸው ስድስት ዓመት ስለሆነ የአንዱ ወረዳ አሁን፣ የሌላው ሌላ ጊዜ ነው። ወረቀቱ ላይ ይህንን ጻፉ፤ ግማሹ ሰው የሌለ ስም ሲፈልግ ይውላል። «ጥያቄ 1» ግን ሁሉም ጋር አለ።

ጸሐፊ
ማተሚያ ቤት ገብቷል 🙈 በቃል እንናገረዋለን። ረከቦቱና ሲኒው ማን ጋ ነው ያለው?

ገንዘብ ያዥ
ረከቦቱ ተመራቂው መኪና ውስጥ ነበር።