አባቴ ምጽዋ የተነሣው ፎቶ፣ ቦታው የት ይሆን? (1958 ዓ.ም.)

የመርከበኛው_ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ባለፈው ጥቅምት ካረፈ በኋላ ሣጥኑን ስንፈታ ከጡረታ ደብተሩ ሥር የፎቶ ጥቅል ወጣ። አብዛኛው የእኛ የልጅነት ነው። አንዱ ግን እኛ ሳንወለድ የነበረውን አባቴን ያሳያል። የሌሎቹን ሰዎች ቤተሰብ ሳላስፈቅድ እዚህ መለጠፍ ስላልፈለግሁ የማየውን ልንገራችሁ።

አባቴ ነጭ የባሕር ኃይል ልብስ ለብሶ፣ ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በክብ የብረት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ የቢራ ጠርሙስና ብርጭቆ አለ። ከጀርባቸው ቅስት ቅስት ያለው በረንዳ ነው፤ የግድግዳው ልስን ተልጧል። በቀኝ በኩል በሁለት ሕንፃዎች መካከል የመርከብ ምሰሶ ይታያል፤ ከምሰሶው በሚወርደው ገመድ ላይ ትንንሽ ባንዲራዎች ተሰክተዋል። ከፎቶው ጀርባ በእጁ ጽሑፍ «ምጽዋ 58» ይላል። ሌላ ምንም የለም።

አባቴ የመንዝ ሰው ነው። ምጽዋ ስድስት ዓመት ኖሯል፤ ግን ስለዚያ ብዙ አያወራም ነበር። ካወራም ስለ ሙቀቱ ነው። አንድ ሁሌ የሚገርመኝ ነገር አለ። ሰፈር ውስጥ «ዋናተኛው» ይሉት ነበር፤ እኛን ላንጋኖ ሲወስደን ግን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ዳር ላይ ይቆማል እንጂ አንድ ቀን እንኳ ሲገባ አላየነውም። እናቴ «የውሸት መርከበኛ» እያለች ትስቅበት ነበር።

ቦታው የት ይመስላችኋል? ሆቴል ነው ወይስ ቡና ቤት? እንደሱ ያሉ ተራ ባሕረኞች እሑድ ሲደርስ የት ነበር የሚውሉት? በዚያ ዘመን እዚያ የነበራችሁ ወይም ከወላጆቻችሁ የሰማችሁ ካላችሁ እባካችሁ።

ሰባራ_ባቡር

ነፍስ ይማር። ምጽዋን በዓይኔ አላየሁትም፤ አጎቴ ግን ሹፌር ስለነበር ብዙ አውርቶልኛል። ቅስት ካለውና ባሕሩ ቅርብ ከሆነ ጥዋለት ያሉት ትልልቅ ሆቴሎች ይመስሉኛል። ጃንሆይ ሲመጡ እንግዶቻቸው የሚያርፉት እዚያ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።

ጡረተኛው_ባሕረኛ

እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ሰባራ ባቡር፣ ግምትህ ክፉ አይደለም፤ ግን አይደለም።

ምጽዋ ማለት ሁለት ደሴትና አንድ የብስ ነው። ከየብሱ ባሕር ውስጥ በተደለደለ መንገድ ወደ ጥዋለት ትሻገሪያለሽ። ከጥዋለት ደግሞ በሌላ እንደዚያው ባለ መንገድ ወደ አሮጌው ከተማ። ጥዋለት የደህና ሰዎች ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ፣ ባቡር ጣቢያው፣ ቪላውና ሆቴሉ ሁሉ እዚያ ነው። እኔና ያባትሽ ቢጤዎች እዚያ አንድ ቢራ ብንጠጣ ሁለተኛውን ለመጠጣት ወር መጠበቅ ነበረብን። መኮንኖቹ ተቀምጠው እያዩሽ ደግሞ ምን ቢራ ይወርዳል? አንድ እሑድ ደፍረን ገባንና የአንዱን አለቃችንን ዓይን አይተን በገባንበት በር ወጣን።

ቅስት ያለው በረንዳ፣ የተላጠ ልስን፣ በሕንፃ መካከል ምሰሶ፤ ይሄ አሮጌው ከተማ ነው፣ ወደቡ አጠገብ። ቤቶቹ የተሠሩት ከባሕር ውስጥ በሚወጣ ድንጋይ ነው። ጠጋ ብለሽ ካየሽው ድንጋዩ ውስጥ ቀንድ አውጣውና ዛጎሉ እንዳለ ይታያል። ጨዋማው አየር ልስኑን ይበላዋል፤ በየዓመቱ ይለሰናል፣ በየዓመቱ ይላጣል። ከላይ የእንጨት ፍርግርግ ያለው የቱርክ ጊዜ ሰገነት፣ ከታች ቅስቱ። በዚያ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ቡና፣ አራንቻታ፣ የአስመራውን ሜሎቲ ቢራ የሚሸጡ ብዙ ነበሩ። ለእኛ «በረንዳ ውጣ» ማለት እሱ ነው።

ወሩንም ልንገርሽ? መርከብ ባንዲራውን ከፊት እስከ ኋላ የሚደረድረው ለበዓል ነው። እኔ የገባሁት በ1955 ነው፤ «ኢትዮጵያ» የምትባለው ትልቋ መርከባችን ከአሜሪካኖች በመጣች በዓመቱ። የባሕር ኃይል ቀን በየዓመቱ ቀዝቀዝ ባለው ወራት ይከበር ነበር፤ ጃንሆይ ራሳቸው ይወርዱ፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦች ተጋብዘው ይመጡ ነበር። በዚያ ሰሞን ከተማው ሌላ ነው። ማታ መርከቦቹ ከዳር እስከ ዳር አምፖል ይለብሱና ውኃው ላይ ሌላ ከተማ ይተኛል። ከእንግዶቹ ጋር በጀልባ ቀዘፋ ተወዳድረን መዳፌ ተልጦ ሳምንት ሙሉ እንጀራ በማንኪያ ልበላ ምንም አልቀረኝም ነበር። (ተሸንፈናል። ነፋሱ ነው እንላለን።)

በዚያ ላይ ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው በብረት ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ብርዱ ወራት ላይ መሆኑን ይነግርሻል። ሰኔ ላይ ቢሆን የዚያን ጠረጴዛ ጠርዝ የነካ ክንድ ቆዳው እዚያው ይቀር ነበር። በሰኔና በሐምሌ የምጽዋ ሰው ቀን አይኖርም። ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው እንኳ ጥላ ሳያገኝ መንገድ አይሻገርም። ኑሮው የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ያኔ የገመድ አልጋ ከየቤቱ እየወጣ መንገዱ ላይ ይደረደራል። አልጋ ስልሽ አንድ ሁለት አይደለም፤ መንገዱ ራሱ መኝታ ቤት ይሆናል። አንሶላውን ውኃ ነክረው ጨምቀው ይለብሱታል፤ እሱ እስኪደርቅ እንቅልፍ ከወሰደሽ ወሰደሽ፣ ካልወሰደሽ ተነሥተሽ ደግመሽ መንከር ነው። ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሙሉ ከነአልጋው ይዳኛል። እኔ ከሲኒማም ከቢራም ይልቅ የሚናፍቀኝ እሱ ነው።

ሲኒማስ? እኛ ባብዛኛው ፊልም የምናየው መርከቡ ላይ ነበር። ሸራ ይወጠራል፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ነው። ነፋስ ሲመጣ የጀግናው ፊት ይነፋና ይጎድላል።

አሁን ወደ ላንጋኖው ልምጣ፤ እናትሽ አባትሽን በደንብ በድላዋለች። እኔ የቡልጋ ሰው ነኝ። ከምጽዋ በፊት ያየሁት ትልቅ ውኃ የከሰም ወንዝ ነው፤ እሱንም ሲሞላ ከሩቁ። አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን፤ ዋና የተማርነው እዚያው ነው። ከከተማው ወደ ሰሜን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ሲወጡ ጉርጉሱም የሚባል አሸዋማ ዳርቻ አለ። እሑድ የጭነት መኪና ከተገኘ እዚያ ነበርን። ሐብሐብ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን፣ ዳቦና ቆርቆሮ ሰርዲን ይዘን። ውኃው ጥልቀት የለውም፤ ብዙ ርቀሽ ሄደሽም ደረትሽ ጋ ነው። ዋናው ነገር ግን ጨው ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ በአንድ ሊትር ወደ 40 ግራም ጨው አለ። በጀርባሽ ተኝተሽ እጅሽን ብትዘረጊ ይሸከምሻል፤ ልስጠም ብትይ እንኳ ትንሽ ይከራከርሻል። እዚያ «ዋናተኛ» የሆነ ሰው ላንጋኖ ሲገባ ገና በሦስተኛው ቅዘፋ እግሩ ቁልቁል ሲሄድ ይሰማዋል። እኔ ራሴ በ1969 ቢሾፍቱ ላይ ልሞት ነበር። አባትሽ ብልህ ሰው ነው፤ ሱሪውን ሰብስቦ ዳር ቆመ።

ስለ ምግቡም ሳልነግርሽ አላልፍም። የየመን ሰዎች ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ይከፍቱታል፤ በርበሬውን ቀብተው በብረት አንጠልጥለው ጉድጓድ በሚመስል የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይሰዱታል። ሲወጣ ቆዳው ጠቁሮ ይሰነጣጠቃል፣ ሥጋው ነጭ ነው። ሳህን የለም፤ ትኩስ ቂጣ ላይ ይጥሉልሻል፣ በእጅ ነው። ዐቢይ ጾም ሲመጣ ታዲያ ጠብ ነው። ግማሻችን «ዓሣ ያስገድፋል» እንላለን፣ ግማሻችን «ያዳም ልጅ ሆይ ብላ» እንላለን። የመንዝ ልጆች ደግሞ ምን ቢሸታቸው ንቅንቅ የለም፤ ቂጣውን ብቻ ይዘው ዓሣውን እያዩ ይበላሉ። አባትሽ ከነዚያ አንዱ ካልሆነ ይገርመኛል።

ሁሉ ነገር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልሽ። እኛ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን በፊታችን የወደቡ ሠራተኞች፣ የከተማው ልጆች፣ ጆንያ ተሸክመው በዚያ ፀሐይ ይመላለሱ ነበር። ያኔ አላየናቸውም፤ አሁን ነው የማያቸው።

አንድ ነገር ጠይቄሽ ላብቃ። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ብርጭቆዎች ቁጠሪልኝ።

የጊንዳዕ_ብርቱካን

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አልጋዎቹን ሲያነሡ እንባዬ መጣ። እኔ አስመራ ነው ያደግሁት። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፣ ከሸዋ የተዛወረ። እናንተ እዚያ ትኖሩ ነበር፤ እኛ ደግሞ የምንወርደው በዓመት አንዴ፣ ለገና ዕረፍት ነው።

ሊቶሪናው፣ ባለ ሞተሩ የመንገደኛ ባቡር፣ ከአስመራ በጠዋት ይነሣ ነበር። ከደጋው ጫፍ እስከ ባሕሩ 118 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ካለ ከፍታ እስከ ዜሮ። እናቴ ሁላችንንም ኮት አልብሳ ታሳፍረናለች። ነፋሲት ላይ ሹራብ ይወልቃል። ጊንዳዕ ላይ ብርቱካን የሚሸጡ ሴቶችና ልጆች በመስኮት ይሰገሰጋሉ፤ ቅርጫቱን ከነብርቱካኑ ነው የምንገዛው፣ ስሜንም ከዚያ ነው ያመጣሁት። ዶጋሊን ስናልፍ ትንሹ ወንድሜ በካናቴራ ቀርቷል። ምጽዋ ጣቢያ ስንወርድ የቤተሰቡ ልብስ በሙሉ በአባቴ ክንድ ላይ ነው፣ ልብስ ሻጭ ይመስላል።

እናቴ የባሕር ልብስ የሚባለውን አታውቅም፤ አውቃም አትለብስም። ጉርጉሱም ላይ ነጠላዋን አጣጥፋ ለእኔ ሰጠችኝና በቀሚሷ እንዳለች ገባች። ቀሚሱ በአየር ተነፍቶ ዙሪያዋን እንደ ጃንጥላ ተዘረጋ። አጠገባችን ከቃኘው ጣቢያ፣ አስመራ ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ የመጡ አሜሪካኖች ነበሩ፤ ሚስቶቻቸው በዋና ልብስ። እነሱ እናቴን ያያሉ፣ እናቴ እነሱን ታያለች፤ ማን በማን እንደተገረመ እስካሁን አልገባኝም። አባቴ ጃላቶ ገዝቶ ሲሮጥ መጣ፤ ሲደርስ እጁ ላይ የቀረው ብስኩቱ ብቻ ነበር። አልተናደደም። ብስኩቱን ለአምስት ከፈለው።

ወደ አስመራ ስንመለስ ጨው ፀጉራችንን ገመድ አድርጎት፣ ኮታችንን አንድ በአንድ መልሰን እየለበስን፣ እንቅልፍ በእንቅልፍ ላይ።

ነጭ የለበሱትን ባሕረኞች በደንብ አስታውሳለሁ። እኔና እህቴ ከጣቢያው እስከ አሮጌው ከተማ ስንሄድ እንቆጥራቸው ነበር፤ ብዙ የቆጠረ ያሸንፋል። እህቴ ሁሌ አንዱን ሁለት ጊዜ ትቆጥር ነበር። ማን ያውቃል፣ አባትሽም ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ይሆናል።

የመርከበኛው_ልጅ

ጋሼ፣ እትዬ፣ ምን ልበላችሁ። ሁለቱንም ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የጨውን ነገር ስትሰማ ዝም አለች፤ ከዚያ «ታዲያ ለምን እሱ ራሱ አይነግረኝም ነበር?» አለች። ዓሣውንም ልክ ነዎት፤ አባቴ በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ጋር ማዕድ አይቀርብም ነበር።

ብርጭቆ ያሉትን ግን አልገባኝም። ለምን?

ጡረተኛው_ባሕረኛ

በእኛ ጊዜ ካሜራ የነበረው አንድ ጓደኛችን ብቻ ነው። መርከባችን ኤደን ደርሳ ስትመለስ ከዚያ የገዛው ነበር፤ ኤደን ያኔ ቀረጥ የሌለበት ወደብ ስለሆነ ሁሉ ነገር ርካሽ ነው። ማንንም አያስነካም፣ ራሱ ብቻ ነው የሚያነሣው። እኔ ጋ ያሉት ፎቶዎች ሁሉ ላይ እሱ የለም። ብርጭቆው ግን አለ። ያባትሽም ፎቶ የሱ እጅ ከሆነ ብዬ ነው።

የመርከበኛው_ልጅ

አሁን ወደ መስኮቱ ወስጄ በማጉያ አየሁት። ሦስት ሰው፣ አራት ብርጭቆ። የሦስቱ ጎደል ጎደል ብሏል። አራተኛው በእኛ በኩል፣ ጠርዙ ላይ ነው፤ ሙሉ ነው፣ አረፋው ገና አልወረደም።